ማሰሮው እልፍኝ ገባ፣ ሠሪዋ ደጅ ቀረች

ዛሬ ነገሬን የምጀምረው ከኦቶና ነው። ሶዶን የሚያውቅ ኦቶናን ያውቃል። ሚሲዮኖች በ1920ዎቹ መጥተው የሰፈሩበት፣ ዛሬ የወላይታ ሶዶ ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል የሚሠራበት ሰፈር ነው። ሀገሬው ሆስፒታሉን እስከ ዛሬ የሚጠራው «ኦቶና» እያለ ነው። ከየወረዳው ታማሚ ይመጣል፤ ታማሚ ካለ ጠያቂ አለ፤ ጠያቂ ካለ ገበያ አለ። ሙዝ የሚሸጥ፣ ዳቦ የሚሸጥ፣ የሞባይል ካርድ የሚሸጥ፣ ማሰሮና ጀበና የሚሸጥ...

ባለፈው መስከረም፣ ጊፋታ ሊገባ ጥቂት ቀናት ሲቀሩት፣ የታመመ ዘመድ ጠይቄ ስወጣ ዝናብ ያዘኝ። ሮጥ ብዬ አንዲት ቡና የምትሸጥ ሴት በረንዳ ሥር ተጠለልኩ። ከእኔ በፊት ስድስት ሰባት ሰው ተጠልሏል። ከኋላዬ ደግሞ አንዲት ዕድሜያቸው የገፋ እናት ጀበናዎቻቸውን በገለባ ሸፋፍነው በጀርባቸው ተሸክመው መጡ። እኛ ሁላችን ገብተን በርጩማ ስንይዝ እሳቸው ሸክማቸውን አውርደው ከጣሪያው ጠርዝ፣ ውሃው ከሚንጠባጠብበት ላይ ቆሙ።

«እማማ፣ ገባ ይበሉ እንጂ! በሰበሱ እኮ!» አልኳቸው።

«ግድ የለም ልጄ፣ እዚሁ ይሻለኛል» አሉኝ።

የቤቱ ባለቤት ቡናውን ቀዳች። ለሁላችንም ረከቦቱ ላይ ከተደረደሩት ሲኒዎች ሰጠችን። እማማ ዘንድ ስትደርስ ግን እጇን ከመደርደሪያው ሥር ሰደደች፤ ጆሮው የተሰበረ የፕላስቲክ ኩባያ አወጣችና በዚያ ቀዳችላቸው። ማንም ምንም አላለም። እሳቸውም ምንም አላሉም፤ ለምደውታል። እኔም እውነቱን ልናገርና ምንም አላልኩም። ቡናዬን ጠጥቼ፣ ሒሳቤን ከፍዬ፣ ዝናቡ ሲያባራ ሄድኩ። ይህን ጽሑፍ የምጽፈውም ያን ቀን ዝም ስላልኩ ነው።

እስቲ ልብ በሉልኝ! ያ ቡና የፈላበት ጀበና ከሰማይ የወረደ አይደለም። የእሳቸው ወይም የእሳቸው ቢጤ እጅ ያበጀው ነው። ጀበናው መሃል ቤት ገብቶ፣ ቄጠማ ተጎዝጉዞለት፣ ዕጣን ጨሶለት ተቀምጧል። ሠሪዋ ዝናብ ላይ ቆመዋል። ማሰሮው እልፍኝ ገባ፣ ሠሪዋ ደጅ ቀረች ማለት ይኸው ነው።

ቱባው የማን ነው?

ከዚያች ቀን ጥቂት ቀናት በኋላ ጊፋታ ገባ። ጊፋታ የወላይታ ዘመን መለወጫ ነው፤ ከመስከረም 14 እስከ 20 ባለው ጊዜ ውስጥ በሚውለው እሑድ ይከበራል። የተጣላ ይታረቃል፣ ዕዳ ይከፈላል፣ አባወራው ለበሬ፣ እማወራዋ ለቅቤ ዓመቱን ሙሉ ያጠራቀሙት ይወጣል። ውብ በዓል ነው። የጊፋታን ዕለት ሶዶ ውሎ ልቡ የማይሞቅ ሰው ካለ ሐኪም ይየው!

ያን ዕለት ታዲያ ባለሥልጣኖቻችንን ያየ ሁሉ «እንዲህ ባህል ወዳድ መሪ ከየት ይገኛል?» ይላል። ቀይ፣ ጥቁርና ቢጫ መስመር ያለውን ዱንጉዛ ግጥም አድርገው ለብሰው፣ ከመድረክ ላይ ወገባቸውን እየሰበቁ «ዮዮ ጊፋታ!» ይላሉ። ከዚያ ንግግር ይመጣል። በንግግሩ ውስጥ «ቱባ ባህል» የምትል ቃል አትጠፋም። «ቱባ ባህላችንን ጠብቀን ለትውልድ እናስተላልፋለን!» ይባላል። ጭብጨባ! ኅዳር 29 የብሔር ብሔረሰቦች ቀን ሲደርስም ያው ዱንጉዛ፣ ያው ቱባ፣ ያው ጭብጨባ።

ለመሆኑ ቱባውን የፈተለው ማን ነው? ዛዬውንና ድንኬውን የሚነፋው፣ ከበሮውን የሚመታው ሰው በዓሉ ሲያበቃ ምን ይዞ ቤቱ ይገባል? በበዓሉ ማግስት ወዴት እንደሚሄድ የጠየቀ አለ? የበዓሉ ሥጋ የተቆረጠበትን ቢላዋ የቀጠቀጠው፣ ቆጮው የተጋገረበትን ምጣድ የሠራችው፣ የተቀመጥንበትን ቁርበት የፋቀው በዚያ መድረክ ላይ ለምን አይታዩም?

መልሱን እኛ የወላይታ ልጆች ሁላችን እናውቀዋለን። አፍ አውጥተን ስለማንናገረው እንጂ።

በወላይታ ሸክላ ሠሪው «ቺናሻ» ይባላል፤ ብረት ቀጥቃጩ «ዎጋቼ»፤ ቆዳ ፋቂው «ደጌላ»። በዱሮው ሥርዓት ከእነዚህ ጋር አይጋቡም ነበር፤ በአንድ ገበታ አይበሉም ነበር፤ ቤታችን አይዘልቁም ነበር። «ያልታረደ ይበላሉ»፣ «ዓይናቸው አይጥምም» እየተባለ ስንት ነገር ተለጥፎባቸዋል! ይህ የወላይታ ብቻ ገመና አይደለም። በጋሞም፣ በዳውሮም፣ በከፋም የየራሱ ስም ያለው ተመሳሳይ ነገር አለ። በሰሜኑም ቢሆን ብረት ሠሪውን «ጠይብ»፣ «ቡዳ» እያለ ሲያሸማቅቅ የኖረው ሌላ አይደለም። ዳታ ዴአን የመሰሉ የአካባቢው ተወላጅ ምሁራን ስለነዚህ የደቡብ ምዕራብ የማኅበረሰብ ደረጃዎች ጽፈዋል። ስለዚህ ነገሩ ምስጢር አይደለም። የበዓል መድረክ ላይ ግን አይነሳም። ለምን? ፌሽታ ያበላሻላ!

አንድ ማሰሮ እንዴት እንደሚሠራ የምታውቁ ስንቶቻችሁ ናችሁ? አፈሩ ከተመረጠ ጉድጓድ ተቆፍሮ ይወጣል። ይደርቃል፣ ይወቀጣል፣ ይነፋል፤ ከዚያ በውሃ ታሽቶ እንደ ሊጥ ይቦካል። ያለ ማሽከርከሪያ፣ በእጅ ብቻ ይበጃል። ጥላ ውስጥ ቀስ ብሎ ይደርቃል፤ ፀሐይ ላይ ከወጣ ይሰነጠቃል። በለስላሳ ድንጋይ ይታሻል። ከዚያ በሣርና በእንጨት ይተኮሳል። እሳቱ ከበዛ ይፈነዳል፣ ካነሰ ውሃ ያፈሳል። መለኪያው የሠሪዋ ዓይንና ልምድ ነው። ይህ ሁሉ ዕውቀት ትምህርት ቤት አልተጻፈም፤ ከእናት ወደ ልጅ በእጅ የሚተላለፍ ነው። አንዲት ልጅ «እናቴን ሲንቋት ኖረዋል፣ እኔ አልናቅም» ብላ ጭቃውን ትታ ብትሄድ ያ ዕውቀት በዚያው ቀን ሞተ ማለት ነው። ልጅቱ ይፈረድባታል? በጭራሽ! በተሰበረ ኩባያ ቡና የሚያስጠጣ ሙያ ማን ይወርሳል?

ከሞቼ ቦራጎ እስከ ቆዳ ፋቂው

ሶዶ የተቀመጠችው ከዳሞታ ተራራ ግርጌ ነው። በዚያ ተራራ ጥግ ሞቼ ቦራጎ የሚባል ዋሻ አለ። የውጭና የሀገር ውስጥ ተመራማሪዎች ለዓመታት ቆፍረውታል። የተገኘው ነገር ቀላል አይደለም፤ ከ50 ሺህ ዓመት በፊት ጀምሮ የሰው ልጅ እንደኖረበት የሚመሰክሩ የድንጋይ መሣሪያዎች ናቸው። አብዛኞቹ ከባልጩት፣ ከዚያ እንደ ጠርሙስ ከሚያብረቀርቀው ጥቁር የእሳተ ገሞራ ድንጋይ የተሠሩ ናቸው። ስለ ዘመናዊው ሰው አኗኗር የሚያጠኑ የዓለም ሊቃውንት ስሙን ያውቁታል። የሶዶ ተማሪ ግን ያውቀዋል ወይ? ሄዳችሁ ጠይቁ።

አሁን የሚደንቀውን ስሙ። አርኪዮሎጂስቶች የድንጋይ መሣሪያ ያገኛሉ እንጂ መሣሪያው አይናገርም። እንዴት ተያዘ? እንዴት ተሳለ? ሲደንዝ ምን ተደረገ? ለዚህ መልስ ፍለጋ የመጡት ወደ ማን ነው? ወደ ደቡብ ኢትዮጵያ ቆዳ ፋቂዎች! ምክንያቱም በጋሞ፣ በኮንሶ፣ በወላይታም ጭምር ቆዳ ፋቂዎች እስከ ቅርብ ዘመን ድረስ ቆዳውን የሚፍቁት በእንጨት እጀታ ላይ በተጣበቀ ድንጋይ ነበር። በምድር ላይ ይህን ጥበብ ሳያቋርጡ ይዘው ከቆዩት እጅግ ጥቂት ሕዝቦች መካከል ናቸው። ስለዚህ የሩቅ ሀገር ፕሮፌሰር ውቅያኖስ አቋርጦ መጥቶ፣ ደብተሩን አውጥቶ፣ ከቆዳ ፋቂው ሥር ቁጭ ብሎ ተማረ።

እኛስ? እኛ ያንኑ ሰው «ደጌላ» ብለን ከገበታ አራቅነው።

አይ እንግዲህ! ከዚህ በላይ ምን ይባላል? የሰው ልጅ ታሪክ ምስክር የሆነውን ሰው ከደጃፋችን አባርረን «ታሪካችን ጥንታዊ ነው» ብለን ደረታችንን እንነፋለን። ታሪክ ድንጋዩ ብቻ አይደለም፤ ድንጋዩን የሚያውቀው እጅም ነው።

መናቅን ለእኛ ማን ይነግረናል?

ይህን ስጽፍ የሚቆጣኝ ሰው እንደሚኖር አውቃለሁ። «የራስህን ወገን ገመና አደባባይ ታወጣለህ?» የሚለኝ አይጠፋም። ወገኖቼ፣ ገመናውን የማወጣው ከማንም በላይ እኛ መናቅ ምን እንደሆነ ስለምናውቅ ነው።

የወላይታ መንግሥት በ1887 ዓ.ም. በአፄ ምኒልክ ጦር ሲወድቅ የመጨረሻው ንጉሥ ካዎ ጦና ቆስለው ተማረኩ። ቫንደርሃይም የሚባል ፈረንሳዊ ነጋዴ ከዘመቻው ጋር ተጉዞ ያየውን ጽፎ አሳትሟል፤ ያነበበ ሰው ያን ዓመት ሀገሩ ምን ያህል እንደተራቆተ ያውቃል። ከዚያ በኋላ እስከ አብዮቱ ድረስ ስማችን እንኳ የራሳችን አልነበረም፤ «ወላሞ» ነበርን። ሀገሩም «ወላሞ»፣ ሰውየውም «ወላሞ»። ለስድብም ያገለግል ነበር።

ዘመን ተቀየረ። ስማችን ተመለሰ። የወላይታ ዘፈን አዲስ አበባ ገባ። ዛሬ የወላይታ ምት ያልተመታበት ሠርግ ሠርግ ነው እንዴ? ሙሽራው የጎንደር፣ ሙሽራዋ የሐረር ቢሆኑም ትከሻና ወገብ የሚንቀሳቀሰው በወላይታ ነው። ከአዳራሹ ውጭ ደግሞ ሣጥኑን ይዞ የቆመ አንድ ሊስትሮ አለ። የዚያው ዘፈን ሀገር ልጅ ነው። ጭፈራው ደክሞት የወጣ እንግዳ ጫማውን ይዘረጋለታል፤ «አንተ ወላይታ፣ ቶሎ በል!» ይለዋል። ዘፈኑ አዳራሽ ገባ፣ ልጁ ደጅ ቀረ። ነገሩ ከኦቶናው ጀበና በምን ይለያል? በምንም!

በ1990ዎቹ መጀመሪያ የሆነውንም አንርሳ። በጊዜው የነበሩት የክልሉ ሹማምንት ወላይታ፣ ጋሞ፣ ጎፋና ዳውሮን አንድ ላይ ጨፍልቀው «ወጋጎዳ» የሚባል ቋንቋ ፈጠሩ። ልብ በሉ፣ ቋንቋ ተፈጠረ! በቢሮ! መጽሐፍ ታተመ፤ ለተማሪ ተከፋፈለ። እናት ልጇን የማታናግርበት፣ ሽማግሌ የማያስታርቅበት፣ አልቃሽ የማታለቅስበት ቋንቋ። የሶዶ ሕዝብ «ቋንቋዬን መልሱ» ብሎ ወጣ። ሰው ሞተ፣ ብዙዎች ታሰሩ። በመጨረሻ መጽሐፉ ተሰበሰበ፤ ወላይታም በ1993 ዓ.ም. ራሱን የቻለ ዞን ሆነ። በነሐሴ 2012 ዓ.ም. ደግሞ የክልልነት ጥያቄ በተነሳ ጊዜ አመራሮች ታስረው፣ ሶዶና ቦዲቲ ላይ ደም ፈሰሰ። ያን የከፈለው ሕዝብ የጠየቀው አንድ ነገር ነው፦ «እኔን ሳትጠይቁ ስለ እኔ አትወስኑ፤ አትናቁኝ» ነው ያለው።

እንግዲህ «አትናቁኝ» ብሎ ልጁን የገበረ ሕዝብ ጎረቤቱን ቺናሻ ቢንቅ የጥያቄው ጉልበት ከየት ይመጣል? ባለሥልጣኑ ሲንቀን የምንናደደውን ያህል እኛ ስንንቅስ መናደድ የለብንም ወይ? «የራሷ አሮባት የሰው ታማስላለች» እንዳይሆንብን።

ግንቡስ?

ወደ መንግሥት ልመለስ። ምክንያቱም ሕዝቡ የራሱ ጥፋት ቢኖርበትም ቀረጡን የሚሰበስበው፣ በጀቱን የሚመድበው፣ «ቱባ» የሚለው መንግሥት ነው።

ሕገ መንግሥቱ በ1987 ዓ.ም. ሲወጣ አንቀጽ 39 ላይ እያንዳንዱ ብሔር፣ ብሔረሰብና ሕዝብ ቋንቋውን የማሳደግ፣ ባህሉን የመግለጽና ታሪኩን የመንከባከብ መብት አለው ብሏል። አንቀጽ 41 ላይ የባህልና የታሪክ ቅርሶችን የመንከባከብ ኃላፊነት የመንግሥት ነው ብሏል። ወረቀቱ መልካም ነው። ሥራውስ?

በወላይታ በካዎ አማዶ ስም የሚጠራ ኬላ አለ። በነገሥታቱ ዘመን ጠላትን ለመከላከል ሕዝቡ ተሰልፎ የሠራው ግንብ ነው። የንጉሡ ስም ቀርቷል፤ ድንጋዩን የተሸከመው ሰው ስም የለውም። እዚያው ክልል ውስጥ የኮንሶ የእርከንና የግንብ መልክዓ ምድር በ2003 ዓ.ም.፣ የጌዴኦ መልክዓ ምድር ደግሞ በ2016 ዓ.ም. መስከረም ላይ በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ ሆነው ተመዝግበዋል። ደስ ይላል፤ እሰየው! ጎረቤት ሲከበር እኛም እንከበራለን። ኮንሶ ግንቡ የተከበረለት ግን ስለ ጩኸቱ ወይም ስለ ጭፈራው አይደለም። ሕዝቡ እርከኑን ዛሬም ስለሚጠግነው፣ ሙያውን ስላልጣለው ነው። ቅርስ በሕይወት የሚኖረው ሠሪና ጠጋኝ ሲኖረው ነው። እኛ ዘንድ ኬላውን የሚጠብቅ፣ የሚጠግን፣ ተማሪ ወስዶ የሚያሳይ ማን ነው? ጠባቂ የሌለው ግንብ ለቤት መሠረት ድንጋይ ለሚፈልግ ሰው ያው የድንጋይ ክምር ነው። ገበሬውን አትውቀሱት፤ ማንም «ይህ አያትህ የሠራው ነው» ብሎ አልነገረውም።

መንገር የነበረበት መምህሩ ነው። መምህሩስ? በ2016 ዓ.ም. በወላይታ ዞን የመምህራንና የሌሎች የመንግሥት ሠራተኞች ደመወዝ እየዘገየና እየተቆራረጠ ስንቱ ቤት ጾሙን እንዳደረ ሶዶ ያውቃል። ባዶ ሆዱን ክፍል የገባ መምህር ስለ ካዎ አማዶ ያስተምር? መድረክ ላይ ለሚጨፈርበት ዱንጉዛ ገንዘብ ይገኛል፤ የዱንጉዛውን ታሪክ ለሚያስተምረው ሰው ግን ይጠፋል። ይህን ምን ትሉታላችሁ?

ሶዶ ከነሐሴ 2015 ዓ.ም. ጀምሮ የደቡብ ኢትዮጵያ ክልል መንግሥት መቀመጫ ናት። ሹመኛው በዝቷል፣ መኪናው በዝቷል፣ አዳራሹ በዝቷል። የክልል ከተማ መሆን ለሸክላ ሠሪዋ ምን አመጣላት? ዝናብ የማያስገባ አንድ የገበያ መደብ እንኳ?

«ቀርቷል» ለሚሉን

«ወንድሜ፣ ይህ ነገር እኮ ቀርቷል። የዱሮ ነው» የሚል አንባቢ ይኖራል። እውነት ነው፣ ብዙ ነገር ተለውጧል። በ1967 ዓ.ም. መሬት ለአራሹ ሲታወጅ ዱሮ መሬት ያልነበራቸው ባለሙያዎችም በብዙ ቦታ መሬት አግኝተዋል። ቤተ ክርስቲያኑም ቢሆን ባሪያ የነበረውንና ጨዋ የተባለውን፣ ቺናሻውንና ገበሬውን በአንድ አግዳሚ ወንበር አስቀምጧል። ይህ ትንሽ ነገር አይደለም። ይሁንና አግዳሚው ላይ አብሮ የተቀመጠው ሰው የልጅ ጋብቻ ጥያቄ ሲመጣ ምን አለ? «ዘሩ ይጣራ» አለ! መዝሙሩን አብሮ ዘምሮ ጋብቻው ላይ የሸሸ ስንት ነው? እዚህ ላይ ሁላችንም አንገታችንን ብንደፋ ይሻላል።

ቀርቷል የሚለኝ ሰው ሦስት ጥያቄ ይመልስልኝ። ዕድርህ ውስጥ ስንት ሸክላ ሠሪ አለ? ልጅህ የቀጥቃጭ ልጅ አገባለሁ ብትልህ መርቀህ ትሸኛለህ? ጀበና ይዛ የመጣች እናት ቤትህ ስትገባ ቡናዋን በየትኛው ሲኒ ትቀዳላታለህ? ሦስቱንም ያለ መንተባተብ ከመለስክ እውነትም ቀርቷል፤ እኔም ይቅርታ እጠይቅሃለሁ።

ሌላው ደግሞ «ባህላችን እኮ ነው፣ አባቶቻችን ያቆዩን ነው፤ ባህል ከተከበረ ይህም ይከበር» ይል ይሆናል። የለም ወዳጄ! ሕገ መንግሥቱ ራሱ በአንቀጽ 91 ላይ መንግሥት የሚያግዘው መሠረታዊ መብትንና ሰብዓዊ ክብርን የማይፃረረውን ባህል ነው ብሏል። ማሰሮው ባህል ነው፤ ንቀቱ በሽታ ነው። በሽታን ከቅርስ ጋር አሽጎ ለልጅ ማውረስ አይገባም።

ነገሩ አዲስም አይደለም። ወላይታን በጦር የያዙት አፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ሠራተኛውን በሙያው የሚሰድብ ሰው እንዲቀጣ አዋጅ አስነግረው ነበር። ብረት የሚሠራውን ጠይብ፣ ሸማ የሚሠራውን ሸማኔ እያላችሁ በመስደብ ሀገሩን ባለሙያ አሳጣችሁት የሚል መንፈስ ያለው አዋጅ ነው። ካዎ ጦናን የማረኩትን ንጉሥ በዚህ አመሰግናቸዋለሁ፤ እውነት የማንም ብትሆን እውነት ናት። ግን አስቡት፦ ያ አዋጅ ከታወጀ ከመቶ ዓመት በላይ ሆነው። የተሰበረው ኩባያ ግን ዛሬም ከመደርደሪያው ሥር አለ። አዋጅ ብቻውን ኩባያ አይሰብርም።

እንግዲህ ምን ይደረግ?

ነቅፎ መሄድ ቀላል ነው፤ ስለዚህ የምለውን ልበል።

አንደኛ፣ የዞኑና የክልሉ ሹማምንት የጊፋታ በጀት ሲመድቡ ለመድረክ፣ ለባነርና ለእንግዳ አበል ከሚያወጡት ላይ ለባለሙያዎች ይቁረጡ። ዛዬ ነፊው ተከብሮ ይከፈለው። ሸክላ ሠሪዋ፣ ቀጥቃጩና ቆዳ ፋቂው በበዓሉ ቀን መድረክ ላይ ወጥተው ሙያቸውን ያሳዩ፤ ስማቸው ይጠራ። ባለሥልጣኑ ዱንጉዛ ለብሶ ከመጨፈሩ በፊት ለእነሱ ቆሞ ያጨብጭብ። ሕዝብ ሹሙ ያከበረውን ማክበር ይለምዳል።

ሁለተኛ፣ የሸክላ አፈር የሚወጣበት መሬት ይጠበቅላቸው። ከተማ በሰፋ ቁጥር፣ ኢንቨስተር በመጣ ቁጥር የሚነካው ያ ጉድጓድ ነው። ጉድጓዱ ከታጠረ ሙያው አለቀ። ገበያ ውስጥም ጣሪያ ያለው መደብ ይሰጣቸው። ይህ ሚሊዮን አይጠይቅም፤ ቆርቆሮና ጥቂት ቅን ልብ ነው የሚጠይቀው።

ሦስተኛ፣ ዩኒቨርሲቲው! ወላይታ ሶዶ ዩኒቨርሲቲ በ1999 ዓ.ም. ከተቋቋመ ወዲህ ስንት ተማሪ አስመርቋል። እንደ ዋና ዋጌሾ ያሉ ሰዎች የወላይታን ሕዝብ ታሪክ ለመጻፍ ደክመዋል፤ ዩኒቨርሲቲው ከዚያ ይቀጥል። የሸክላ ሠሪዋን ዕውቀት፣ የቆዳ ፋቂውን የድንጋይ ጥበብ፣ የቀጥቃጩን ወናፍ በቪዲዮ ይቅረጽ፣ በጽሑፍ ያስቀምጥ። እነዚህን ባለሙያዎች ክፍል አስገብቶ በመምህርነት ያስተምሩለት፤ አበላቸውንም ይክፈል። የውጭ ፕሮፌሰር ከእግራቸው ሥር ተቀምጦ ከተማረ የሶዶ ተማሪ ምን ያሳፍረዋል?

አራተኛ፣ ፓስተሩ፣ ቄሱ፣ የሀገር ሽማግሌው። ይህ ነገር በአዋጅ የማይጠፋ ከሆነ በእናንተ አፍ ይጠፋል። በጊፋታ ዕርቅ ሲደረግ ሰውና ሰው ብቻ አይታረቅ፤ ጎሳና ሙያም ይታረቅ። ዓመቱን የተቃቃረ ጎረቤት የሚታረቅበት በዓል የትውልድ ቂም የማይሽርበት ምን ምክንያት አለ? እንደ እኔ ሐሳብ ጊፋታ ለዚህ ነገር ከየትኛውም መንግሥታዊ ስብሰባ የተሻለ ቀን ነው።

አምስተኛው ለእኔም ለእናንተም ነው። ባህል ወዳድ መሆናችን የሚታወቀው በለበስነው ልብስ፣ በሰቀልነው ፎቶ ወይም በጨፈርነው ጭፈራ አይደለም። ሠሪውን ስናገኘው በምንሰጠው ቦታ ነው። ዋጋ ስንከራከርም እናስብበት። ለቢራ ሳይከራከር የሚከፍል ሰው ለጀበና ግማሽ ቀን ይከራከራል፤ ያውም የሳምንት ልፋት ለሆነ ነገር!

ከዚያ ቀን በኋላ ሁለት ጊዜ ኦቶና ሄጃለሁ። ዘመዴ ድኖ ወጥቷል፣ ተመስገን። የሄድኩት እማማን ፍለጋ ነበር። በመጀመሪያው ቀን አላገኘኋቸውም። በሁለተኛው ቀን መንገድ ዳር ጀበናዎቻቸውን ደርድረው አገኘኋቸው። አንድ ጀበና ገዛሁ፤ አልተከራከርኩም። ከዚያ «እማማ፣ ቡና እንጠጣ» ብዬ ወደዚያችው በረንዳ ይዣቸው ሄድኩ። በርጩማ ሳብኩላቸው። ዙሪያቸውን አይተው፣ አመንትተው፣ ጫፉ ላይ ተቀመጡ። ባለቤቷ እጇን ወደ መደርደሪያው ሥር ስትሰድ «ለእሳቸውም ከረከቦቱ ላይ» አልኳት። ለአፍታ አየችኝ። እኔም አየኋት። ሲኒውን አነሳች፤ ቀዳች።

ምንም አልተፈጠረም። ሰማይ አልተደፋም፣ ሲኒው አልተሰነጠቀም። እማማ ቡናቸውን ጠጥተው ሲጨርሱ ጀበናውን በዓይናቸው ለካ ለካ አደረጉና «አንገቱ ትንሽ ወፈር ብሏል፤ የኔ አይደለም» ብለው ሳቁ።

እኔ በዚያ ሳቅ ውስጥ ያየሁት ቱባ ባህል በየትኛውም መድረክ ላይ አላየሁም። ጊፋታ በየዓመቱ ይመጣል፤ ሲኒውም በየቀኑ በእጃችን ነው። ምርጫው የእኛ ነው።

ቸር ይግጠመን!